እሌኒ መሐመድ፦ ከሀዲያ ቤት የወጡት ንግሥትና የሰላማቸው ዋጋ

በሆሳዕና ከተማ የሚገኘው ትልቁ ሆስፒታል የሚጠራው በንግሥት እሌኒ መሐመድ ስም ነው። በበሩ ለሚገባና ለሚወጣ ሕመምተኛና አስታማሚ ስሙ የተለመደ ነገር ነው። ለታሪክ ተማሪ ግን የሦስቱ ቃላት አብሮ መቆም ራሱ ጥያቄ ያስነሣል። እሌኒ የክርስትና ስም ነው፤ መስቀሉን አስቆፍራ እንዳወጣች ከሚነገርላት ከቆስጠንጢኖስ እናት የተወረሰ። መሐመድ የአባት ስም ነው፤ የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች መህመድ እያሉ የሚጠሯቸው የሀዲያው ገራድ ስም። ንግሥት የሚለውን ማዕረግ ያመጣው ደግሞ ከአባታቸው ቤት ያስወጣቸው ጋብቻ ነው። በአንድ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ስም የሁለት ሃይማኖቶችንና የሁለት ቤተ መንግሥቶችን ግንኙነት ይዟል ማለት ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ የእሌኒን ሕይወት የሚከተለው አንድ ጉዳይ ለመመርመር ነው። በጋብቻ፣ በግብርና በመልእክተኛ ጦርነትን ማስቀረት የሚቻለው እስከ ምን ድረስ ነው? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው? ስለ አመጽ አልባነት ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠቀሱት ማህተመ ጋንዲና ማርቲን ሉተር ኪንግ ናቸው። የሁለቱም ትምህርት የቆመው ሥልጣን የሌለው ሕዝብ ባለሥልጣንን ያለ ጦር መሣሪያ እንዴት ሊቋቋም እንደሚችል በማሳየት ላይ ነው። እሌኒ በዚህ ሚዛን በቀጥታ አይመዘኑም። ሥልጣን ነበራቸው፤ የሚያዝዙት ጦር ነበራቸው፤ ኋላ እንደምናየው የጦር ቃል ኪዳንም ፈልገዋል። ይሁን እንጂ በአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽና በአሥራ ስድስተኛው መጀመሪያ መካከል፣ በክርስቲያኑ መንግሥት ሸንጎ ውስጥ መግባባትን ከዘመቻ ያስቀደመ ሰው የሚፈልግ ተመራማሪ ደጋግሞ የሚደርሰው ወደ እርሳቸው ነው። ሥልጣን ላይ የደረሱት በጦር የተሸነፈ አገር ልጅ ሆነው መሆኑ ደግሞ ጉዳዩን ከተራ የዲፕሎማሲ ታሪክ የተለየ ያደርገዋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ አገሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በመካከለኛው ዘመን ሀዲያ ይባል የነበረው ግዛት ከዛሬው የሀዲያ ዞን ጋር አንድ አይደለም፤ እጅግ የሰፋና ወደ ምሥራቅ ርቆ የዘለቀ ነበር። የአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ጦርነቶችና ከዚያ በኋላ የመጣው የሕዝብ እንቅስቃሴ ካርታውን ለውጠውታል። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ሆሳዕናም የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወደ አካባቢው ከገባ በኋላ ያደገች ከተማ ናት። ስለዚህ የእሌኒን የትውልድ መንደር በሆሳዕና ዙሪያ መፈለግ ከንቱ ድካም ይሆናል። የሀዲያ ሕዝብ ይዞት የመጣው የቦታውን ድንበር ሳይሆን ስሙንና ትዝታውን ነው።

የዚያ ዘመን ሀዲያ ደካማ አገር አልነበረም። በአሥራ አራተኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ዐረባዊው አል ዑመሪ ከኢፋት፣ ከደዋሮና ከባሌ ጋር እየቆጠረ ሲገልጸው ገዥው አርባ ሺህ ፈረሰኛ እንደሚያሰልፍ ይናገራል። ቁጥሩን እንደ ቆጠራ ውጤት መውሰድ አይገባም፤ የዝናውን መጠን ግን ያሳያል። የክርስቲያኑ መንግሥት ዓይን ወደዚያ የዞረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዐፄ ዐምደ ጽዮን በ1316/17 ሀዲያን እንደያዙ በራሳቸው የርስት ማስታወሻ አስፍረዋል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የሀዲያው ገዥ አማኖ ለንጉሡ አልታዘዝም ሲሉ ንጉሡ እንደገና ዘምተው ማረኳቸው፤ ብዙ ሕዝብም ተጋዘ። ከዚያ በኋላ የነበረው ሰላም የግብር ሰላም ነው። ገራዱ በአገሩ ይሾማል፤ በሃይማኖቱ ይቆያል፤ ግብሩን ይልካል። ግብሩ ሲቋረጥ ጦር ይመጣል።

ከግብሩ መካከል ሴቶች ልጆች ነበሩ። ይህን ጉዳይ የሚመለከተው ዋናው ምስክርነት የተሰጠው ከእሌኒ ሞት በኋላ ስለሆነ በቦታው እመለስበታለሁ። ለጊዜው የሚበቃው የሀዲያ ገዥዎች ልጆቻቸውን ለክርስቲያኑ ንጉሥ መዳር የሁለቱ ቤተ መንግሥቶች ግንኙነት አካል እንደነበረ ማወቅ ነው። የገራድ መህመድ ልጅ ከዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ቤት የገባችው በዚህ መንገድ ነው። ተጠመቀች፤ እሌኒ ተባለች፤ የቀኝ በዓልቲሐት፣ ማለትም በንጉሡ ቀኝ የምትቀመጥ ንግሥት ተብላ ተሾመች። ከዚህ ወዲያ በአንቱታ እንጠራቸዋለን፤ ዜና መዋዕሉም በክብር ነው የሚጠራቸው።

ዘርአ ያዕቆብ ከ1434 እስከ 1468 የነገሡ፣ በትምህርታቸውም በጭካኔያቸውም የሚታወሱ ንጉሥ ናቸው። የራሳቸውን ልጆች በጣዖት አምልኮ ከስሰው አስቀጥተዋል። ከሚስቶቻቸው አንዷ ጽዮን ሞገሳ ልጃቸውን በእደ ማርያምን ለማንገሥ አሢረዋል በሚል ተደብድበው በዚሁ ምክንያት ሞተዋል። እሌኒ የኖሩት በዚህ ቤት ውስጥ ነው። ባዕድ፣ አዲስ ክርስቲያንና የሌላ አገር ገዥ ልጅ ሆነው በዚያ ሸንጎ ዕድሜ ማግኘታቸው ራሱ ምን ያህል ጥንቁቅ እንደነበሩ ይነግረናል።

በዚሁ ዘመን የሀዲያው ገራድ ማሂኮ አመፁ። ማሂኮ የመህመድ ልጅ፣ የእሌኒም ወንድም ናቸው። ግብር አልከፍልም ብለው ከአዳል ጋር ሊተባበሩ ሲያስቡ አጎታቸው ባሞ ነገሩን ለንጉሡ አስታወቁ። ንጉሡ ባሞን በማሂኮ ቦታ ሾመው ከዳሞት ጦር ጋር መለሷቸው፤ ዋናው ትእዛዝም ማሂኮ ወደ አዳል እንዳያመልጡ መንገዱን መዝጋት ነበር። ማሂኮ ተከበው ተገደሉ። በንጉሡ ሠፈር ደስታ ሆነ። ዜና መዋዕሉ ይህን የሚተርከው የንጉሡን ብልህነት ለማሳየት ነው። እኛ ግን ሌላ ነገር ማየት እንችላለን። እኅትየው በንጉሡ ቀኝ ተቀምጠው ሳለ ወንድምየው በንጉሡ ትእዛዝ ይገደላሉ። ጋብቻው ጦርነቱን አላስቀረም። ሚስቲቱን የሰላም ዋስ ያደረገው ውል በወንድሟ ላይ የሚሰነዘረውን ጦር የሚያግድ አንዳች ነገር አልነበረውም።

ይህን ከአካባቢያችን ሥርዓት ጋር ማነጻጸር ተገቢ ይመስለኛል። በሀዲያም ሆነ በከምባታ ሴራ ተብሎ በሚታወቀው የመተዳደሪያ ደንብ ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ ካሣ የሚከፍለው የገዳዩ ወገን ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ተበዳዩ ይናገራል። የግብር ሰላም ግን የተገለበጠ ነው። የሚከፍለው የተሸነፈው ነው፤ ዋስትና የሚሰጠውም እርሱ ብቻ ነው። እሌኒ በኋለኛው ዘመናቸው ከአዳል ጋር የተደገፈውን አቅጣጫ ከዚህ አንጻር ስናየው፣ ሰላም ሁለቱም ወገኖች የሚጠቀሙበት ሲሆን ብቻ እንደሚጸና ከማሂኮ ሞት የተማሩ ይመስላል። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ ዜና መዋዕሉ ስለ እሌኒ ሐዘን አንድ ቃል አይልም።

ዘርአ ያዕቆብ በ1468 ሲሞቱ የእሌኒ ዕድል ሊያበቃ ይችል ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። አዲሱ ንጉሥ በእደ ማርያም እናታቸውን በአባታቸው እጅ ያጡ ሰው ነበሩ። እሌኒን በእናታቸው ቦታ አስቀመጧቸው፤ የንግሥትነት ማዕረጋቸውንም አጸኑላቸው። የንጉሡ ዜና መዋዕል እሌኒን ሲያመሰግን በሁለት ነገር ያመሰግናቸዋል፤ በሃይማኖት ሕግ ዕውቀታቸውና በቤተ መንግሥቱ የማዕድ ሥርዓት ችሎታቸው። ዘመናዊ አንባቢ ሁለተኛውን እንደ ቀላል ነገር ሊያልፈው ይችላል። ስሕተት ነው። በመካከለኛው ዘመን ማን ከማን ጋር ተቀምጦ እንደሚበላ፣ ማን ቀድሞ እንደሚቀርብለት መወሰን የሹመትን ደረጃ መወሰን ነው። ግብሩን የሚያበላ ሰው የሸንጎውን ቅያሜና ፍቅር ሁሉ ያውቃል።

ከአዳል ጋር ሰላም የተሞከረው በዚሁ ንግሥ መባቻ ነው። ዘርአ ያዕቆብ በ1445 ሱልጣን በድላይን ጎሚት ላይ ድል አድርገው ገድለዋቸዋል። የበድላይ ልጅ መሐመድ በእደ ማርያም ሲነግሡ መልእክተኛና ገጸ በረከት ልከው በየዓመቱ ግብር ለመስጠት ተስማሙ፤ ለጥቂት ጊዜም ወሰኑ ጸጥ አለ። ጸጥታው ሁለቱንም ይጠቅም ነበር። የደጋው አገር የውጭ ንግድ በብዛት የሚወጣው በዘይላ በር ነው፤ የዘይላና የአዳል ነጋዴዎች ሀብትም ከደጋው በሚመጣ ዕቃ ላይ የቆመ ነው። ቅፍለቱ የሚያልፍባቸው አገሮች ደግሞ የሁለቱም ተገዢዎች የነበሩ እንደ ሀዲያና ደዋሮ ያሉ ግዛቶች ናቸው። ለእሌኒ ይህ ከካርታ የሚነበብ ነገር አልነበረም። የአባታቸው አገር ነው።

ሰላሙ ብዙ አልቆየም። ሱልጣን መሐመድ በ1471 ሲሞቱ በአዳል ውስጥ ለደጋው መገበርን የሚጠሉ የጦር አለቆች በረቱ። በደጋውም ዘመቻን የሚሹ ነበሩ። በእደ ማርያም የላኳቸው አዛዦች ድል ሆነው ወደቁ፤ ንጉሡም ቂማቸውን ሳይወጡ በ1478 ሞቱ። በታሪክ ጽሑፍ ውስጥ ይህ ውድቀት ብዙ ጊዜ የሚቀርበው የንጉሡ ዕድለ ቢስነት ሆኖ ነው። ሊታይ የሚገባው ግን በሁለቱም በኩል ሰላሙን የያዙት ግለሰቦች እንጂ ተቋማት አለመሆናቸው ነው። አንድ ሱልጣን ሲሞት ውሉ አብሮት ሞተ።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመታት በአጭሩ እናልፋለን። እስክንድር በልጅነት ነገሡ፤ ሥልጣኑም ቢትወደድ ዐምደ ሚካኤል በሚመሩት ሸንጎ እጅ ገባ። በ1494 እስክንድር ሲሞቱ ሕፃኑ ዳግማዊ ዐምደ ጽዮን ለወራት ብቻ ነግሠው ሞቱ፤ በመኳንንቱ መካከልም ደም ፈሰሰ። ናዖድ ነገሡና እስከ 1508 ቆዩ። እሌኒ በእነዚህ ሁሉ መካከል አንዳንዴ ወደ ጎን እየተገፉ፣ አንዳንዴ እየተመለሱ አልፈዋል። ገጽታቸው እየጎላ የመጣው በናዖድ ዘመን ነው። በጎጃም ሰፊ ጉልት ነበራቸው፤ በእነብሴ የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩትም እርሳቸው ናቸው። በግዕዝ የማርያም ድርሰት እንደደረሱም ይነገርላቸዋል። ሲወለዱ የገባር አገር ልጅ የነበሩት ሴት በእርጅናቸው የጎጃምን ግብር የሚበሉ ባለ ጉልት ሆነዋል። በእሌኒ ታሪክ ላይ የሚጻፉ ምስጋናዎች ይህን ብዙ አያነሡም፤ ነገር ግን የግብሩን ሥርዓት ከሁለቱም ጫፍ የኖሩበት ሰው መሆናቸው ለፍርዳችን አስፈላጊ ነው።

በ1508 ናዖድ ሲሞቱ አቡነ ማርቆስና እሌኒ ተስማምተው ገና የዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ የነበሩትን ልብነ ድንግልን አነገሡ። ይህን ለፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የነገሩት አቡኑ ራሳቸው ናቸው፤ የመኳንንቱ ሁሉ ልብ በሁለቱ እጅ ስለነበር ማንም አልተቃወመም። በቀደሙት የንግሥ ለውጦች ምን ያህል ደም እንደፈሰሰ ለሚያስታውስ ሰው፣ አንድ ሕፃን ያለ ጦርነት ዙፋን ላይ መቀመጡ ትንሽ ነገር አይደለም። እሌኒ ከንጉሡ እናት ከናዖድ ሞገሳ ጋር ሆነው አገሩን በሞግዚትነት መሩ።

የሞግዚትነቱ ዘመን ፈታኝ ነበር። የዘይላው ገዥ ማህፉዝ በየዓመቱ በዐቢይ ጾም ወቅት፣ ሕዝቡ በጾም በደከመበት ጊዜ፣ በወሰኑ አገሮች ላይ ዘመቻ ያደርጉ ነበር። አልቫሬዝ ይህ ሃያ አምስት ዓመት ያህል እንደቆየ ይናገራል። ሕዝብ እየተማረከ በባርነት ወደ ባሕር ማዶ ይሸጥ ነበር። ከባሕሩ ማዶ ደግሞ ፖርቱጋሎች በሕንድ ውቅያኖስ ብቅ ብለዋል፤ ኦቶማኖችም ወደ ግብፅ እየተጠጉ ነው። ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተሙት የመካከለኛው ዘመን ታሪክ ለእሌኒ የፖለቲካ ብልህነት ትልቅ ቦታ የሚሰጡት ይህን የኃይል ሚዛን ለውጥ ከሸንጎው ሁሉ ቀድመው በማስተዋላቸው ነው።

እሌኒ በ1509 ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋሉ ንጉሥ ወደ ማኑኤል ላኩ። ማቴዎስ በ1512 ጎዋ፣ በ1514 ሊዝበን ደረሰ። በመንገድ ላይ ሰላይ ነው ተብሎ ተጠርጥሮ ብዙ ተንገላታ። የያዘውም ደብዳቤና ከጌታ መስቀል ግማድ ላይ የተወሰደ ነው የተባለ እንጨት ነበር። እዚህ ላይ ሳንሸሽ መናገር ያለብን ነገር አለ። ደብዳቤው የሰላም ደብዳቤ አይደለም። በባሕር ኃይል የበረታው ፖርቱጋል በባሕር፣ ስንቅና ሠራዊት ያለው የኢትዮጵያ መንግሥት በየብስ ሆነው በእስላም ኃይሎች ላይ እንዲተባበሩ ይጠይቃል። እሌኒን የሰላም እናት ብቻ አድርጎ የሚስል ጽሑፍ ይህን ሰነድ ወይ አላነበበውም ወይ ደብቆታል።

በዚያው ደብዳቤ ውስጥ ግን ሌላም ሐሳብ አለ፤ የሁለቱ ነገሥታት ልጆች እርስ በርሳቸው እንዲጋቡ የሚል። ከሀዲያ ቤት ለወጣች ሴት ይህ ከየት የመጣ ሐሳብ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። ነገር ግን ልዩነት አለው። እሌኒ ራሳቸው የተዳሩት በአንድ ወገን ብቻ በሚፈስስ ሥርዓት ነው፤ ሀዲያ ሰጪ፣ ቤተ መንግሥቱ ተቀባይ። ለማኑኤል ያቀረቡት ግን ወንዶቻችሁ ለሴቶቻችን፣ ሴቶቻችሁ ለወንዶቻችን የሚል የእኩዮች ጋብቻ ነው። ስለ ጋብቻና ሰላም የነበራቸው አሳብ በሃምሳ ዓመት ውስጥ የሄደበትን ርቀት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘሁም።

ልዑካኑ ሳይመለስ የኃይሉ ነፋስ ዞረ። በ1517 ገደማ ልብነ ድንግል ራሳቸው ዘምተው የማህፉዝን ጦር ሰበሩ፤ ማህፉዝም ተገደሉ። በዚያው ዓመት ፖርቱጋሎች ዘይላን አቃጠሉ። ወጣቱ ንጉሥ በድሉ ኮሩ። በ1520 ሮድሪጎ ዴ ሊማ የመራው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ምጽዋ ሲደርስ፣ ዐሥር ዓመት በላይ የደከመው ማቴዎስ አገሩ እንደገባ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሞተ፤ እንግዶቹም የተቀበሏቸው ንጉሥ አጋር ለመፈለግ የማይቸኩሉ ሆኑ። አረጋዊቷ ንግሥት ያዩት አደጋ ለእርሳቸው አልታያቸውም። አንድ ጦር አለቃ መሞቱ ጦርነቱ ማለቁ መስሏቸዋል፤ ማህፉዝን የወለደው ቁጭት ግን እዚያው ነበር።

በእነዚሁ ዓመታት የሆነ አንድ ነገር ለእኛ ርእስ ከሁሉ የበለጠ ይናገራል። አልቫሬዝ እንደሚተርከው የሀዲያ ገዥ ልጅ እንደ ቀድሞው ልማድ ለልብነ ድንግል ትዳር ትመጣለች። ንጉሡ ግን የፊት ጥርሶቿ የገጠጡ ናቸው ብለው አልወደዷትም። ተጠምቃ ስለነበር ወደ አባቷ ልትመለስ አልተቻለም፤ ለአንድ ታላቅ መኰንን ተዳረች። ሀዲያዎች ይህን እንደ ውርደት ቆጠሩት፤ ከዚያ በኋላም ከቤተ መንግሥቱ ጋር ነገሩ ሻከረ። ቆይቶ የዚያች ልጅ እኅት፣ እርሷም የሀዲያ ገዥ ሚስት የነበረች፣ በበቅሎ የተቀመጡ ብዙ እስላም ሴቶች አስከትላ ወደ ንጉሡ ሠፈር መጣች። የባሏ ወንድም አምፆ አገሩን ስለያዘባት እርዳታ ትለምን ነበር። ንጉሡ በክብር ተቀብለው ጦር አዘመቱላት።

ይህን ታሪክ ከእሌኒ ሕይወት ጎን ስናኖረው ብዙ ይገልጣል። ዘርአ ያዕቆብ ጨካኝ ቢሆኑም የሀዲያን ልጅ በቀኛቸው አስቀምጠዋል። የልጅ ልጃቸው ልጅ ግን ጋብቻውን እንደ መልክ ምርጫ አዩት። ሥርዓቱ ጉልበት የነበረው የተሰጠችው ሴት በተቀበላት ቤት ውስጥ ድምፅ ስታገኝ ነበር። ድምፁ ሲነሣ የሚቀረው የሴት ግብር ብቻ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የሀዲያዋ ንግሥት በችግሯ ጊዜ የመጣችው እኅቷ ወደተናቀችበት ደጅ መሆኑን ልብ ይሏል። የቤተሰብ መንገዱ ተጎድቶም እንኳ ገና አልተዘጋም ነበር።

እሌኒ በ1522 ገደማ ዐረፉ። ልቅሶው ታላቅ ነበር። አልቫሬዝ የሰማው ሙሾ ትንሹም ትልቁም አብሯቸው እንደሞተ፣ በሕይወት ሳሉ ሁሉም በእርሳቸው ጥላ ይኖር እንደነበር፣ ለሁሉ አባትም እናትም እንደነበሩ የሚናገር ነበር። ከአንድ መነኩሴ ወይም ጸሐፊ ሳይሆን ከሠፈሩ ሕዝብ የተሰማ ስለሆነ፣ ይህን ምስክርነት ከዜና መዋዕሉ ምስጋና በላይ እመዝነዋለሁ። የጎጃም ጉልታቸው ጉዳይ ወዲያው የቤተ መንግሥት መነጋገሪያ ሆነ።

ከሞታቸው ሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1529፣ የአዳሉ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሽምብራ ኩሬ ላይ የልብነ ድንግልን ጦር ሰበሩ። መርጡለ ማርያምም ከተዘረፉትና ከተቃጠሉት አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ሆነች። በሀዲያ በኩል የሆነውን የሚነግረን የኢማሙ ባልደረባ ሺሃብ አድዲን የጻፈው ፉቱሕ አል ሐበሻ ነው። ጸሐፊው ለወገኑ የሚያደላ መሆኑ ግልጽ ነው፤ የኢማሙን ዘመቻ እንደ ነፃነት ማቅረብ ይፈልጋል። ቢሆንም እዚህ ቦታ የሰፈረው ነገር በልቦለድነት የሚታለፍ አይደለም፤ የሀዲያን ሴቶች ወደ ቤተ መንግሥቱ መላክ ከክርስቲያኑም ወገን ምንጮች የምናውቀው ነው።

የኢማሙ ጦር ወደ ሀዲያ የደረሰው በ1531 ገደማ ነው። ገዥው ያለ ውጊያ ተቀበሏቸው። ኢማሙ እስላም ሆናችሁ ለክርስቲያን ንጉሥ እንዴት ትገብራላችሁ ብለው በጠየቋቸው ጊዜ ገዥው የተጫነባቸውን ዘረዘሩ። የጦር ልብስ እንዳይለብሱ፣ ሰይፍ እንዳይታጠቁ፣ ፈረስም ያለ ኮርቻ ካልሆነ እንዳይቀመጡ ተከልክለዋል። በየዓመቱም አንዲት ልጃገረድ ይሰጣሉ። እንዳይገደሉና መስጊዶቻቸው እንዳይፈርሱ ፈርተው ነው የሚሰጡት። ልጅቱ የምትወሰድበት ቀን ሲደርስ ገላዋን አጥበው፣ በከፈን ሸፍነው፣ የሙታን ጸሎት ከሰገዱባት በኋላ ያስረክቧታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ሞተች ይቆጥሯታል።

የእሌኒ ሕይወት ከዚህ ምስክርነት ጋር ሊነበብ ይገባዋል። በደጋው ዜና መዋዕል ንግሥት፣ የሕግ ዐዋቂ፣ የንጉሥ እናት ናቸው። በተወለዱበት አገር ሥርዓት ግን እንደ እርሳቸው የምትወጣ ልጅ ጸሎተ ፍትሐት የተደረሰባት ናት። መሣሪያ የተከለከለ ሕዝብም በዝምታ ኖሯል፤ ዝምታው ግን የተመረጠ አመጽ አልባነት አልነበረም፤ የተጫነ ነበር። ጋንዲ ደጋግመው ያስጠነቀቁት ስለዚህ ልዩነት ነው፤ ከፍርሃት የሚመጣ አለመዋጋትን ከአመጽ አልባነት አልቆጠሩትም። እሌኒ ለአዳል የተመኙትን ሰላም ለአባታቸው ሕዝብ በሕግ አልጻፉለትም። ሥልጣኑ በእጃቸው ሳለ የልጃገረዶቹ ግብር መቆሙን የሚናገር ምንጭ የለም፤ ከሞታቸው በኋላም የሀዲያው ገዥ ስለ ግብሩ የተናገሩት እንዳለፈ ታሪክ አልነበረም።

ገዥው ይህን ብሶት ለኢማሙ ከተናገሩ በኋላ ለአዲሱ ጌታ ታማኝነታቸውን አረጋገጡ። ለዚህም ልጃቸውን ዳሩላቸው።